ሁሉንም ተራ በተራ መሪ ያደረገው መምህር
የአንቶን ማካሬንኮ ሕይወት ባጭሩ



ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ይባላል። ተረቱ እውነት ነው። በኛ የቡድን ሥራ ላይ ግን ብዙ ጊዜ ነገሩ ይገለበጣል። ስድስት ሰልጣኞች በአንድ ቡድን ተመድበው ከካርቶን፣ ከቆርኪና ከጭቃ የትምህርት መርጃ መሣሪያ እንዲሠሩ ይታዘዛሉ። ሁለቱ ሌሊቱን ሲቆርጡና ሲለጥፉ ያድራሉ፤ አራቱ ጠዋት መጥተው ስማቸው በትክክል መጻፉን ያያሉ። ሎሚውን ሁለት ሰው ይሸከመዋል፣ ጌጡን ስድስት ሰው ይካፈለዋል። እኔ ራሴ አንድ ጊዜ ከለጣፊዎቹ ነበርኩ፤ ሌላ ጊዜ ደግሞ፣ እውነቱን ለመናገር፣ ስማቸውን ሊያዩ ከመጡት ወገን ነበርኩ።

ይህ ችግር በኛ ብቻ ያለ አይደለም። በዩኒቨርሲቲ በፕሮጀክት የሚማሩ ጓደኞቻችንም ሲገናኙን የሚያማርሩት ይህንኑ ነው። ታዲያ ጥፋቱ የማን ነው? የሰነፉ ተማሪ ነው ወይስ የሥራው አደረጃጀት? ይህን ጥያቄ ዕድሜውን ሙሉ ይዞት የዞረ አንድ መምህር ነበር። ተማሪዎቹ ሌቦችና ወንበዴዎች፣ ትምህርት ቤቱም የተዘረፈ ባዶ ግቢ ነበር። ስሙ አንቶን ሴሚዮኖቪች ማካሬንኮ ይባላል። ታሪኩን ባጭሩ እነሆ። ዓመተ ምሕረቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ማካሬንኮ በ1888 ዓ.ም. በመጋቢት ወር፣ ዛሬ በዩክሬን ውስጥ በምትገኘው በቤሎፖልየ ከተማ ተወለደ። ያን ጊዜ አገሩ በሩስያው ዛር ሥር ነበር። አባቱ በባቡር ሐዲድ ጋራዥ ውስጥ ቀለም ቀቢ ሠራተኛ ነበሩ። በኋላ የአባቱ መሥሪያ ቤት ወደ ክርዩኮቭ ስለ ተዛወረ ቤተሰቡም አብሮ ሄደ። ክርዩኮቭ ከክሬመንቹግ ከተማ ጋር በድንዬፐር ወንዝ ወዲህና ወዲያ የሚተያይ የሠራተኞች ሰፈር ነው። ልጁ በዚያው ተማረ። ከዚያም የአንድ ዓመት የመምህርነት ኮርስ ወስዶ በ1905 ዓ.ም. በ17 ዓመቱ መምህር ሆነ። አዎን፣ አንድ ዓመት ብቻ ሰልጥኖ! የመጀመሪያ ተማሪዎቹም የአባቱ የሥራ ባልደረቦች ልጆች ነበሩ።

እንዲህ እያለ ዘጠኝ ዓመት ያህል በሁለት የባቡር ሠራተኞች ትምህርት ቤቶች አስተማረ። በ1914 ዓ.ም. ደግሞ የሚያውቀው አልበቃ ስላለው እንደ ገና ተማሪ ሆኖ ወደ ፖልታቫ የመምህራን ተቋም ገባ። በመካከሉ ለጦርነቱ ተመልምሎ ነበር፤ ዓይኑ ደካማ ስለሆነ ግን ተመለሰ። በ1917 ዓ.ም. በወርቅ ሜዳልያ ተመረቀ። የመመረቂያ ጽሑፉም በዘመኑ የማስተማር ጥበብ ውስጥ ስላለው ቀውስ ነበር። እንግዲህ ይህ ሰው በንድፈ ሐሳብ በኩል ምንም የጎደለው አልነበረም።

እውነተኛው ፈተና የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ከአንደኛው የዓለም ጦርነት፣ ከ1917ቱ አብዮትና ከእርስ በርስ ጦርነቱ በኋላ አገሩ ወላጅ አልባና ቤት አልባ ልጆች በዝተውበት ነበር። በገበያና በባቡር ጣቢያ የሚያድሩ፣ እየሰረቁ የሚበሉ፣ መሣሪያ ይዘው መንገደኛ የሚዘርፉም ነበሩ። በ1920 ዓ.ም. የፖልታቫ የትምህርት ባለሥልጣኖች ከከተማው ስድስት ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ ለወጣት አጥፊዎች የማረሚያ መንደር እንዲያቋቁም ማካሬንኮን ሾሙት።

ሄዶ ያየው ግቢ የሚያስቅም የሚያስለቅስም ነበር። ቤቶቹ ቆመዋል፤ ውስጣቸው ግን ተራቁቷል። ምድጃው፣ መስኮቱ፣ ሌላው ቀርቶ የጓሮው የፍራፍሬ ዛፍ ሳይቀር ከነሥሩ ተነቅሎ ተወስዷል። ሠራተኞቹ እሱ፣ አንድ ሽማግሌ ንብረት ጠባቂና ሁለት ሴት መምህራን ብቻ ነበሩ። በታኅሣሥ ወር የመጀመሪያዎቹ ስድስት ተማሪዎች ደረሱ። አራቱ 18 ዓመት የሆናቸው፣ መሣሪያ ይዘው የዘረፉ ነበሩ፤ ሁለቱ ልጅ እግር ሌቦች።

ስድስቱ መምህራኑን ከቁም ነገር አልቆጠሯቸውም። ውሃ አይቀዱም፣ እንጨት አይፈልጡም፣ የበረዶውን መንገድ አይጠርጉም። ማታ ወጥተው ይሰርቃሉ፣ ቀን ይተኛሉ። ማካሬንኮ ያን የበረዶ ወራት የማስተማር ዘዴ መጻሕፍትን እያገላበጠ ከረመ። ከመጻሕፍቱ ውስጥ ግን ነገ ጠዋት ምን ላድርግ ለሚለው ጥያቄ መልስ የሚሰጥ አላገኘም።

አንድ ቀን አንዱን ጎልማሳ ተማሪ እንጨት ፍለጥ ቢለው ልጁ ተሳለቀበት። ማካሬንኮ ትዕግሥቱ አልቆ ልጁን በጥፊ መታው። ይህን ራሱ በመጽሐፉ ውስጥ ሳይደብቅ ጽፎታል፤ ባለሥልጣኖችም ብዙ ጊዜ ወቅሰውበታል። እኛም ሳናለባብስ ጥፋት ነው እንበል። መምታት ማስተማር አይደለም። ይህን ታሪክ እያነሱ አርጩሜን ሊያስመሰግኑ የሚፈልጉ አሉ። ነገር ግን ጥፊ ሰው የሚያደርግ ቢሆን ኖሮ እነዚያ ልጆች በየመንገዱና በየእስር ቤቱ ከበቂ በላይ ቀምሰውት ስለነበር ገና ድሮ መላእክት በሆኑ ነበር። መንደሩን ያቆመው ሌላ ነገር ነው።

ያ ሌላ ነገር ሥራ ነው፤ ያውም የምር ሥራ። በመንደሩ ዙሪያ የመንግሥት ደን ነበር። ሌሊት ሌሊት ሰዎች እየመጡ ዛፍ ይቆርጡ ነበር። የደን ዘበኛው ብቻውን አልቻለም። ማካሬንኮ ደኑን እንዲጠብቁ ትናንት መንገደኛ ይዘርፉ የነበሩትን ልጆች አሰማራ። ነገሩ ለልጆቹ ታላቅ ክብር ሆነ። ሌሎች እነሱን ሲጠብቁ የኖሩት፣ አሁን እነሱ የሕዝብን ንብረት ጠባቂ ሆኑ። ሥራው የማስመሰያ ልምምድ አልነበረም፤ ባይጠብቁት ደኑ በእርግጥ ያልቃል። ማካሬንኮ እዚህ ላይ አንድ ነገር ገባው። ተማሪ ከልቡ የሚነሳው ሥራው ሳይሠራ ቢቀር የሚጎድል ነገር መኖሩን ሲያይ ነው።

ከስድስቱ ውስጥ ባይሆንም ከቀድሞዎቹ ተማሪዎች አንዱ ሴሚዮን ካላባሊን የሚባል ወጣት ነበር፤ በመጽሐፉ ውስጥ ካራባኖቭ በሚል ስም ይታወቃል። እሱም የዝርፊያ ታሪክ ነበረው። ማካሬንኮ ይህንን ልጅ ፈረስ አስይዞ ከከተማ 500 ሩብል ተቀብሎ እንዲያመጣ ላከው። ልጁ ገንዘቡን አመጣ። ማካሬንኮ ሳይቆጥር ተቀበለው። ሌላ ጊዜ ደግሞ 2000 ሩብል እንዲያመጣ ላከው፤ ያንንም አመጣ። ስለ ያለፈ ሕይወቱ አንድም ጊዜ አልጠየቀውም። የማካሬንኮ ሕግ ይህ ነበር፤ ከሰው ብዙ መጠየቅ፣ ብዙ በጠየቁት ልክም ማክበር። ካላባሊን በኋላ ምን ሆነ? መጨረሻ ላይ እንመለስበታለን።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳያችን እንግባ፤ ወደ ቡድን ሥራ።

የተማሪው ቁጥር እየጨመረ ሲሄድ እርሻ፣ ከብት ርባታ፣ አንጥረኛ ቤት፣ ጫማ መስፊያ ተከፈተ። መንደሩም በደራሲው በማክሲም ጎርኪ ስም ተሰየመ። በበረዶው ወራት ልጆቹ ማገዶ ለመቁረጥ በየቡድኑ ሲከፈሉ ነው የቡድኑ አሠራር የተጀመረው። ቀስ በቀስ እያንዳንዱ የሥራ ክፍል የራሱ ቋሚ ቡድንና የቡድን መሪ ኖረው። መሪዎቹ ደግሞ በምክር ቤት ይሰበሰባሉ። ጡሩምባ ሲነፋ ምክር ቤቱ ይቀመጣል፤ የመንደሩን ብርቱ ጉዳይ ሁሉ ይመረምራል።

እስከዚህ ድረስ ብዙም አዲስ ነገር የለውም ትሉ ይሆናል። ብዙዎቻችን በትምህርት ቤት አንድ ለአምስት የሚባለውን አደረጃጀት አይተናል። አንድ ጎበዝ ተማሪ ይመረጥና አምስቱን እንዲመራ ይደረጋል። የመረጡት ግን ዓመቱን ሙሉ እሱኑ ነው። ጎበዙ መሪ እንደሆነ፣ ሌላው ተመሪ እንደሆነ ይኖራል። መጨረሻ ላይ ጎበዙ ይደክመዋል፣ የቀረው ይተኛል።

ማካሬንኮ ይህን አደጋ አስቀድሞ አየው። ስለዚህ በ1923 ዓ.ም. አካባቢ ከቋሚዎቹ ቡድኖች ሌላ ድብልቅ ቡድን የሚባል ነገር ተፈጠረ። ድብልቅ ቡድን ማለት ለአንድ ለተወሰነ ሥራ ብቻ የሚቋቋም ነው። ለምሳሌ ያህል የዚህን ማሳ ድንች አርም፣ ከዚያ ማዶ ፍግ አመላልስ፣ ይህን ያህል መሬት ዝራ ይባላል። ከየቋሚው ቡድን የተወሰኑ ልጆች ተውጣጥተው ይገባሉ። ዕድሜው ቢበዛ አንድ ሳምንት ነው። ሥራው ሲያልቅ ቡድኑ ይፈርሳል፤ ልጆቹም ወደ ሌላ ድብልቅ ቡድን ይዛወራሉ።

ዋናው ዘዴ መሪው ላይ ነው። የድብልቅ ቡድን መሪ የሚሆነው ብዙውን ጊዜ ቋሚ መሪ ያልሆነ ተራ ልጅ ነው። የቋሚው ቡድን መሪ ደግሞ በዚያ ሳምንት ተራ ሠራተኛ ሆኖ በትንሹ ልጅ ሥር ያርማል። ዛሬ ያዘዘ ነገ ይታዘዛል። ስለዚህ ማንም ለዘላለም አለቃ፣ ማንም ለዘላለም ጭራ አይሆንም። ማዘዝ ምን ያህል እንደሚከብድ የቀመሰ ልጅ፣ በሌላው ሳምንት ሲታዘዝ አያለግምም። የመሪነትን ጭንቀት ያውቀዋላ!

መሪም ቢሆን ጥቅም የለውም። ተጨማሪ ምግብ አያገኝም፣ ከሥራም ነፃ አይሆንም። ከልጆቹ እኩል ቆፍሮ፣ በዚያ ላይ ማታ የሥራውን ውጤት ቀርቦ ያስረዳል። ስንት እንደተሠራ፣ ምን እንደጎደለ፣ ለምን እንደጎደለ በየቀኑ ይናገራል። ስሙን ብቻ ለማየት የሚመጣ ልጅ እዚያ መደበቂያ የለውም።

ሌላም ብልሃት ነበረው። አንድ ልጅ ሲያረፍድ ማካሬንኮ ልጁን ለብቻው ጠርቶ አይገሥጸውም። መሪውን ጠርቶ ቡድንህ ውስጥ የሚያረፍድ አለ ይለዋል፤ የቀረውን ቡድኑ ይጨርሰዋል። መምህሩ ከቡድኑ ጋር ይነጋገራል፤ ቡድኑ ከልጁ ጋር ይነጋገራል። ሦስተኛው ብልሃቱ ደግሞ የነገ ደስታ ነው። ሰው ከፊቱ የሚናፍቀው ነገር ከሌለ ለመሥራት አይነሳም ይል ነበር። ለትንሹ ልጅ የነገው እራት ወይም ጨዋታ ይበቃዋል፤ ለትልቁ የዓመቱ ጉዞ፤ ለሁሉም በመጨረሻ የጋራ ቤታቸው መልካም መሆን። ይህን ተስፋ ከቅርብ ወደ ሩቅ እየዘረጉ ማሳየት የመምህሩ ሥራ ነው ብሎ አመነ።

የዚህ ሁሉ ፈተና በ1926 ዓ.ም. መጣ። በካርኮቭ አቅራቢያ፣ በቀድሞው የኩርያዥ ገዳም ውስጥ 280 ያህል ልጆች በቆሻሻ፣ በሌብነትና በድብድብ ተውጠው ነበር። ማካሬንኮ 120 ያህል የጎርኪ ልጆችን ይዞ ወደዚያ ሄደ። ለአንዱ ከሁለት በላይ መሆናቸው ነው። ሌላ ሰው ቢሆን የበዙት ጥቂቶቹን ያበላሻሉ ብሎ በፈራ ነበር። ነገር ግን የመጡት 120 ልጆች ብቻ ሳይሆኑ አንድ የተባበረ ኃይል ናቸው። ሰልፋቸውን አሳምረው፣ ባንዲራቸውን ይዘው ገቡ፤ ወዲያውም ሥራ ጀመሩ። ኩርያዦቹ መጀመሪያ ቆመው አዩ፤ ከዚያ ተቀላቀሉ። ብዙ ሳይቆይ ግቢው ጸድቶ፣ ሁሉም በየቡድኑ ገብቶ የመንደሩ ኑሮ መልክ ያዘ።

ታዲያ ይህን ያየ ሁሉ አመሰገነው ማለት አይደለም። የዩክሬን የትምህርት ባለሥልጣኖች ሰልፉን፣ ጡሩምባውን፣ የመሪ አጠራሩን ጠሉት። ይህ የጦር ሠፈር ነው እንጂ ትምህርት ቤት አይደለም በማለት ተቃወሙት። በሐምሌ ወር 1928 ዓ.ም. ጎርኪ ራሱ መጥቶ መንደሩን ጎበኘ፤ ልጆቹም ተደሰቱ። በዚያው ዓመት መስከረም ላይ ግን ማካሬንኮ በስምንት ዓመት ድካም ያቆመውን መንደር ለቆ እንዲወጣ ተገደደ።

ደግነቱ ከ1927 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በካርኮቭ አጠገብ በዠርዢንስኪ ስም የተቋቋመውን ኮሚዩን ይመራ ነበር። ወደዚያ ጠቅልሎ ገባ። እዚያ ልጆቹ በቀን አራት ሰዓት በፋብሪካ እየሠሩ ሙሉ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ይማሩ ነበር። በ1932 ዓ.ም. የኤሌክትሪክ ድሪል የሚሠራ ፋብሪካ አቆሙ። ከዚያ ደግሞ ከጀርመኑ ላይካ የተቀዳውን ፌድ የተባለውን ፎቶ ካሜራ ሠሩ፤ ከ1934 ዓ.ም. ጀምሮም በብዛት ያመርቱት ጀመር። ካሜራ እንደ አረም አይደለም። አንዱ ልጅ አንዲት ብሎን አሳስቶ ከቆረጠ የሌሎቹ ልፋት ሁሉ ከንቱ ነው። ከቤት ተባረው በጎዳና ያደጉ ልጆች ይህን ያህል ጥንቃቄ የሚጠይቅ ዕቃ በኅብረት ሠሩ። ኮሚዩኑም ከመንግሥት ድጎማ ወጥቶ በራሱ ገቢ ኖረ።

በዛሬ ዓይን ስናየው በማካሬንኮ ሥራ ላይ ጥላ መኖሩንም መናገር ይገባል። ኮሚዩኑን ያቋቋመውና ያስተዳድረው የነበረው የሶቪየት የጸጥታ መሥሪያ ቤት ነው፤ ያ መሥሪያ ቤት በ1930ዎቹ በሕዝቡ ላይ ያደረሰው ግፍ የታወቀ ነው። የቡድኑ ድምፅ ሲበረታም የአንድ ልጅ ድምፅ ሊዋጥ ይችላል። አንድን ልጅ ቡድኑ ሁሉ ሲፈርድበት ማን ይሰማዋል? ይህ ጥያቄ ለኛም የቡድን ሥራ ይሠራል። ቡድን ሰውን ማንሳት እንደሚችል ሁሉ መጨፍለቅም ይችላል። መምህሩ ዓይኑን መክደን የለበትም።

ማካሬንኮ በ1935 ዓ.ም. ወደ ኪየቭ፣ በ1937 ዓ.ም. ደግሞ ወደ ሞስኮ ተዛወረ። የጎርኪ መንደርን ታሪክ የጻፈበት ታላቅ መጽሐፉ ከ1933 እስከ 1935 ዓ.ም. ታተመ፤ ብዙ ቋንቋዎችም ተተረጎመ። ከዚያም ለወላጆች የሚሆን መጽሐፍና ስለ ኮሚዩኑ የሚተርክ ልብ ወለድ ጻፈ። ሚያዝያ 1 ቀን 1939 ዓ.ም. በሞስኮ አቅራቢያ በጎሊትሲኖ ጣቢያ፣ ባቡር ውስጥ ሳለ ልቡ በድንገት ቆመ። ዕድሜው ገና 51 ነበር። የባቡር ሠራተኛው ልጅ በባቡር ውስጥ አረፈ፤ በሞስኮም ተቀበረ።

ያ ሩብል ተቀባዩ ካላባሊንስ? እሱ ራሱ መምህር ሆነ! ወላጅ አልባ ልጆች የሚያድጉባቸውን ቤቶች እየመራ ኖሮ በ1972 ዓ.ም. አረፈ። ለአንድ መምህር ከዚህ የበለጠ ምን ሐውልት አለ?

እንግዲህ ውድ ጓደኞቼ፣ ወደ ካርቶኑና ወደ ቆርኪው እንመለስ። ከዚህ ሰው ሕይወት ለቡድን ሥራችን የሚሆን አራት ነገር አግኝቻለሁ።

አንደኛ፣ ሥራው ትንሽ፣ የተወሰነና ቀን የተቆረጠለት ይሁን። ሙሉ ሴሚስተር የሚጎተት ሥራ የማንም አይሆንም።

ሁለተኛ፣ መሪነት ይዙር። ዝምተኛዋም፣ ቀልደኛውም፣ አርፋጁም አንድ ሳምንት ይምሩ። መሪውም መቀሱን ይያዝ እንጂ ቆሞ አይዘዝ።

ሦስተኛ፣ ሥራው እውነተኛ ተጠቃሚ ይኑረው። የሠራነው የቁጥር ሰሌዳ ነጥብ ከተሰጠው በኋላ ቆሻሻ መጣያ ከሚገባ ለልምምድ በምንሄድበት ትምህርት ቤት አንደኛ ክፍል ግድግዳ ላይ ይሰቀል። ሕፃናት እንደሚቆጥሩበት ካወቅን መልሰን በጥንቃቄ እንቆርጠዋለን።

አራተኛ፣ ማን ምን እንደሠራ በሁሉ ፊት ይነገር፤ የተዳከመውም ለማፈር ሳይሆን ለመነሳት ዕድል ያግኝ።

እኛ ነገ የምንገባበት ክፍል ውስጥ የሚጠብቁን ልጆች እንደ ማካሬንኮ ልጆች ሽጉጥ የያዙ አይደሉም። ብዛታቸው ግን ስልሳና ሰባ ሊሆን ይችላል። እነሱን በቡድን እናሠራለን ብለን እኛ ራሳችን በቡድን መሥራት ካልቻልን የምናስተምረው ምኑን ነው? በሚቀጥለው የቡድን ሥራ ስማችን ከመጻፉ በፊት መጀመሪያ እጃችን ሙጫ ይንካ።